ድሮዊንግ የጣላቸው ተማሪዎች

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎች ውጤት መነጋገሪያ በሆነ ቁጥር ሂሳብና ፊዚክስ ይወቀሳሉ፤ የዕቃዎችንና የማሽን ክፍሎችን ንድፍ መሳል የሚያስተምረውን ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግን ግን ማንም አያነሳውም። ይህን ኮርስ ለዓመታት አስተምሬአለሁና ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። ማዕዘኑ የተቆረጠ፣ መሃሉ የተቦረቦረ ብረት በአይሶሜትሪክ፣ ማለትም ሦስት ገጽታው በአንድ ሥዕል እንዲታይ ሆኖ ተስሎ ይሰጣል። ተማሪው ከፊት፣ ከላይና ከጎን ሲታይ ምን እንደሚመስል ይስላል፤ የተደበቀውን ጠርዝ በተቆራረጠ መስመር ያስገባል። አንዳንዱ ገና እንዳየው እርሳሱን ያነሳል። በካልኩለስ እሱን የሚያስከነዳው ጓደኛው ደግሞ ወረቀቱን ያዞራል፣ አንገቱን ያጣምማል፣ ሲጨንቀው የጎረቤቱን ይገለብጣል። የመምህሩ ፍርድ ግን አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፦ «ድሮዊንግ ተሰጥኦ ይጠይቃል!» ተማሪዋ ሴት ከሆነችማ «ሌላ ዲፓርትመንት ብትሞክሪስ?» የሚል ምክር ይመረቅላታል።

ምርምሩ ይህን ፍርድ አይደግፍም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮጀር ሼፐርድና ጃክሊን ሜትዝለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ባወጡት ጥናት፣ ሁለት ቅርጾች አንድ መሆናቸውን ለመለየት የሚወስደው ጊዜ አንዱ ከሌላው በዞረበት ዲግሪ ልክ እንደሚረዝም አሳይተዋል። ሰው ቅርጹን በዓይነ ህሊናው ያዞረዋል ማለት ነው። በ2013 ደግሞ ዴቪድ ኡታልና ባልደረቦቻቸው 217 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ ይህ ችሎታ በልምምድ እንደሚዳብርና ለውጡም ልምምዱ ካበቃ በኋላ እንደሚዘልቅ ደምድመዋል።

ለእኔ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው የአሜሪካዊቷ የኢንጂነሪንግ መምህርት የፕሮፌሰር ሸሪል ሶርቢ ተሞክሮ ነው። እርሳቸው በሌላው ትምህርት ጎበዝ ሆነው ሳለ በተማሪነታቸው ያስቸገራቸው ይኸው ኮርስ ነበር። በ1993 በአሜሪካው ሚቺጋን ቴክ ዩኒቨርሲቲ ለኢንጂነሪንግ አዲስ ገቢዎች ቅርጽ የማገላበጥ ፈተና ሲሰጥ፣ ሴቶቹ የመውደቅ ዕድላቸው የወንዶቹን ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሶርቢ ግን ማንንም ወደ ሌላ ክፍል አልሸኙም። ለወደቁት አጭር ኮርስ ከፈቱላቸው። ተማሪዎቹ ትንንሽ ኩቦችን ይገጣጥማሉ፣ የገጣጠሙትን እያዞሩ ያያሉ፣ ያዩትን በእጃቸው ይስላሉ። ኮርሱን የወሰዱት ውጤታቸው ተሻሻለ፤ በተለይ ከሴቶቹ በኢንጂነሪንግ የጸኑት በረከቱ። መጀመሪያውኑ ፈተናውን ያለፉት ብዙዎቹም በልጅነታቸው በመገጣጠሚያ መጫወቻ የተጫወቱ ወይም ቀድመው ንድፍ የተማሩ ነበሩ። ተሰጥኦ የምንለው ነገር ምን ያህሉ ልምምድ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

በፆታ መካከል ልዩነት የለም አልልም፤ በማገላበጥ ፈተና የወንዶች አማካይ ከፍ እንደሚል በተደጋጋሚ ታይቷል። አማካይ ግን ፊቴ ስለተቀመጠችው ተማሪ የሚነግረኝ ጥቂት ነው። ደግሞስ ያለ አንድ ወረቀት ንድፍ የመሶቡን ሐረግ በሐሳቧ ይዛ ወስፌዋን እያመላለሰች የምታወጣ እናት ባለችበት አገር፣ ሴት ልጅ ቅርጽ አይገባትም ብሎ መናገር እንዴት አያሳፍርም?

አውቶካድ የተባለው የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም እያለ በእጅ መሳል ምን ይሠራል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ሶፍትዌሩ ቅርጹን ስለሚያዞርላቸው ተማሪዎቹ ራሳቸው ማዞር ሳይለምዱ ይቀራሉ። ሶርቢም ለእርሳስና ለወረቀት ትልቅ ቦታ የሰጡት በከንቱ አይመስለኝም።

የኢንጂነሪንግ ክፍሎቻችን ይህን ቢጀምሩ ወጪው ከባድ አይሆንም። ኩቦቹን የእንጨት ወርክሾፑ ከቁርጥራጭ ሊያወጣቸው ይችላል፤ ኮርሱንም ድሮዊንግ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሳምንታት መስጠት ይቻላል። ማን እንደሚያስፈልገው የሚለየው ፈተና 30 ጥያቄ ነው፤ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። አዲስ ገቢ ተማሪ ለምዝገባ ተሰልፎ ከሚያጠፋው ጊዜ በብዙ ያንሳል።

የኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ መምህር፣ ከአዲስ አበባ