የጦርነት ጉዳት ካርታ ያለ ገበሬው ቃል አይጽደቅ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች በእርሻና በደን ላይ የደረሰውን የጦርነት ጉዳት ለመለካት የሳተላይት ምስል መዋሉን እደግፋለሁ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. በኋላ መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት፣ የትግራይ ማሳ ታርሶ ይሁን ጦሙን አድሮ ከሩቅ ለማየት ያስቻለው ይኸው ምስል ነው። ሆኖም ምስሉ ብቻውን የካሳና የመልሶ ማቋቋም መሠረት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት አንድን ሥፍራ በየ5 ቀኑ ያነሳል፤ ምስሉም ለማንም በነፃ ይገኛል። እያንዳንዱ የምስል ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሚሸፍን፣ ሩብ ሄክታር ገደማ የሆነች አንዲት ጥማድ መሬት በ25 ያህል ነጥቦች ትታያለች። ላንድሳት በተባለው የአሜሪካ ሳተላይት የ30 ሜትር ምስል ግን ያቺው ማሳ 3 ነጥብ እንኳ አትሞላም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ደመናው ሁለቱንም ይጋርዳቸዋል፤ ደመናን አልፎ የሚያየው ራዳር ነው፣ እሱም ቀለም አይለይም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የአረንጓዴው ጉዳይ ነው። ባለቤቱ የተፈናቀለበት ማሳ በነሐሴ በአረም ይዋጣል፤ አረሙም ከላይ ሲታይ እንደ ጤፍ ያለመልማል። ጦም ያደረን መሬት ከተዘራው ለመለየት፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ መጀመሪያ የታረሰ አፈር መታየቱን፣ በኅዳርም ሰብሉ መድረቁንና መታጨዱን፣ ከጦርነቱ በፊት ከነበሩት ዓመታት ተመሳሳይ ወራት ጋር እያስተያዩ መከታተል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ምክንያቱ አይታወቅም። በ2013 የመኸር ወቅት በእነዚሁ ክልሎች የበረሃ አንበጣ እንደነበር አንዘንጋ። በዚያው ኅዳር ባዶ ሆኖ የታየ ማሳ አንበጣ የበላው ይሁን፣ ሰብሉ የተቃጠለበት ወይም አራሹ ሸሽቶ የተወው፣ ሊነግረን የሚችለው ገበሬው ብቻ ነው።

ደኑም እንደዚሁ ነው። የትግራይ ሕዝብ ለዓመታት እርከን እየሠራ፣ ተራራውን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ እየከለለ ያስመለሰው አረንጓዴ በ2017 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የወርቅ ሽልማት አስገኝቶለታል። በጦርነቱ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ሰዉ ለማገዶና ለከሰል ወደዚያው ዛፍ ተመለሰ፤ በችግር የተደረገ ስለሆነ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን እዚህም እዚያም ተለቅሞ የሚቆረጥ ዛፍ ተራራው ሊራቆት እስኪቃረብ ድረስ በ10 ሜትር ምስል ላይ በግልጽ አይታይም። ስለዚህ በምስል ብቻ የተሠራ ካርታ የደኑን ጉዳት አሳንሶ ማቅረቡ አይቀርም።

አገራችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመሬት ምልከታ ሳተላይት ወደ ሕዋ ያስላከች አገር ናት፤ ይህን ሥራ ለውጭ ተመራማሪዎች ብቻ መተው አይገባንም። የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ከዩኒቨርሲቲዎችና ከክልል ግብርና ቢሮዎች ጋር ሆኖ፣ ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ያለውን የመሬት ለውጥ በየዓመቱ የሚያሳይ ካርታ እስከ ቀበሌ አውርዶ ለሕዝብ ይፋ ያድርግ። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በናሙና በተመረጡ ማሳዎች ከባለይዞታዎቹ ጋር ቆመው ምስሉን ያመሳክሩ፣ የለውጡንም ምክንያት ከለውጡ ለይተው ይመዝግቡ። የካሳና የዘር ድጋፍ ከመደልደሉ በፊትም ካርታው በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተለጥፎ፣ ማሳው ያለአግባብ «የለማ» ተብሎ የተመዘገበበት ገበሬ ቅሬታ የሚያቀርብበት ጊዜ ይሰጠው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመሬት አጠቃቀም ባለሙያ