ዶልፊን ለማየት ወደ ሙሳንደም ለሚጓዙ ወገኖች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙዎቻችን የዒድ ረፍት ሲመጣ በቡድን ሆነን፣ መኪና ይዘን ወደ ኦማኗ ሙሳንደም እንሄዳለን። ጉዞውን የሚያስተባብሩ ወንድሞችና እኅቶች በማስታወቂያቸው ላይ ከሁሉ አስቀድመው የሚጽፉት «ዶልፊኖችን በቅርበት ማየት» የሚለውን ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጉዞውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ያ ቅርበት በምን መንገድ እንደሚገኝ አንባቢዎቻችሁ ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት እንዲያውቁት ስለምፈልግ ነው።

መንገዱ ብቻውን ጉዞ የሚያሰኝ ነው። ከራስ አል ኻይማ ወደ ሰሜን ተነድቶ የድንበሩ ኬላ ከታለፈ በኋላ፣ እስከ ኻሳብ ከተማ ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ከአንድ ወገን ገደሉን፣ ከሌላው ወገን ባሕሩን ይዞ ይጠማዘዛል፤ በመካከሉም ቡኻ ከነጥንታዊ ምሽጓ ትገኛለች። ሙሳንደም ከተቀረው የኦማን ግዛት በኤምሬቶች መሬት ተለይታ የሆርሙዝን ሰርጥ ቁልቁል የምትመለከት ተራራማ ምድር ናት። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቪዛውን ማጣራትና መኪናው ኦማን ውስጥ የሚያገለግል ኢንሹራንስ እንዳለው ማረጋገጥ ይኖርበታል። ከኻሳብ ወደብ በእንጨት ጀልባ ተሳፍሮ የሚገባበት ኾር ሻም በተራሮች መካከል የተዘረጋ ረጅም ወሽመጥ ሲሆን፣ እንግሊዞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1864 የቴሌግራፍ ጣቢያ የሠሩባት ትንሽ ደሴትም እዚያው ውስጥ ናት።

በዚህ ወሽመጥ ከሚታዩት መካከል የሕንድ ውቅያኖስ ባለ ሻኛ ዶልፊኖች ይገኙበታል። ኑሯቸው ከባሕሩ ዳርቻ ሳይርቁ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በመሆኑ ከዓሣ አጥማጅ መረብ፣ ከወደብ ግንባታና ከጀልባ ሞተር የሚያመልጡበት ሰፊ ቦታ የላቸውም፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው እንስሳት ተርታ መድቧቸዋል። እኛ «ዶልፊን አለ!» ብለን የምንሯሯጥበት ውኃ ለእነርሱ የሚመገቡበት፣ የሚያርፉበትና ግልገል የሚያጠቡበት ቤታቸው ነው።

እኔ ባየሁት ጉዞ ጀልባ ነጂው ዶልፊኖቹን እንዳየ ፍጥነት ጨምሮ ማዕበል ያስነሣል፤ ተሳፋሪውም እንዲያጨበጭብና እንዲያፏጭ ይነገረዋል፤ ሌሎች ጀልባዎችም ይህንኑ ሲያዩ መጥተው ያንኑ መንጋ ይከብባሉ። ዶልፊን ወዶ ከጀልባ ፊት በሚነሣው ማዕበል ላይ መጋለቡ እውነት ነው፤ ሲያዩት ደስታው ልብ ይሞላል። ነገር ግን ግልገል ያስከተለች እናት አቅጣጫ እየቀየረች ስትሸሽ ሦስትና አራት ጀልባ ሲከተላት ጨዋታ ሊባል አይችልም፤ ማሳደድ ነው።

የሚያስከትለው ጉዳትም በሌሎች አገሮች በጥናት ተረጋግጧል። በምዕራብ አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ፣ ዶልፊን አስጎብኚ ድርጅቶች ከአንድ ወደ ሁለት ከፍ ባሉበት ስፍራ የዶልፊኖቹ ቁጥር መቀነሱን ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረጉ በኋላ መንግሥት ፈቃዱን ወደ አንድ መልሶታል። ወደ እኛ አካባቢ ቀረብ ስንል ደግሞ ግብፅ በቀይ ባሕር ዳርቻ ካለችው ከማርሳ ዓለም ከተማ አቅራቢያ የሚገኘውን የሳማዳይ ሪፍ (ከባሕር ሥር የበቀለ የኮራል ዓለት) ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀጣና ከፍላዋለች። እየተሽከረከሩ የሚዘሉት የዚያ ስፍራ ዶልፊኖች ሌሊት በጥልቁ ባሕር ሲያድኑ አድረው ቀን የሚያርፉት በሪፉ ውስጥ ስለሆነ፣ ውስጠኛው ክፍል ለሰው ዝግ ነው፤ ዋናተኛ የሚገባበትና ጀልባ የሚቆምበት ቦታም ለየብቻ ተወስኗል። ጎብኚው ከወሰኑ ውጭ ሆኖ ይጠብቃል፤ መቅረብ የፈለገ ዶልፊን ራሱ ይመጣል። ቅርበት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ በሙሳንደምም ሊሆን እንደሚችል አምናለሁ።

ስለዚህ አስተባባሪዎቻችንን የምለምነው ጀልባ ሲከራዩ ከዋጋው ጋር አብረው እንዲስማሙበት ነው፦ ዶልፊን ሲታይ ፍጥነቱ ይቀነስ፤ ሌላ ጀልባ ቀድሞ ከደረሰ ተራ ይጠበቅ፤ ግልገል ያላት እናት ከታየች ራቅ ይባል፤ ምግብም አይወርወር። ጀልባ ነጂዎቹ የሚያሳድዱት እኛን ደስ ለማሰኘት ነውና ከፋዩ ደንበኛ አልፈልግም ካለ የሚያሳድዱበት ምክንያት አይኖራቸውም። ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ወላጆችም ከማጨብጨብ ይልቅ ዝም ብሎ መመልከትን ቢያስለምዷቸው፣ ልጆቹ ዶልፊኑ ለመተንፈስ ብቅ ሲል የሚያሰማውን ድምፅ ለመስማት ይታደላሉ።

ዝግጅት ክፍላችሁም የበዓል ጉዞ ማስታወቂያዎችን ሲያወጣ እነዚህን ጥንቃቄዎች በአጠገባቸው እንዲያትምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሻርጃ