ውርጩ ሳይበረታ ይምጡ

አራት ኪሎ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣ ለጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤ አጻጻፍ ሲያስተምሩን ሰላምታው ካልተሟላ ማርክ ይቀንሱ ስለነበር ይኸው አሟልቻለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። በስልክ «ደህና ነኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ካርድሽን አትጨርሺ» ብለው ይዘጉብኛል። ደብዳቤ አይዘጋም። የአክስቴ ልጅ ወደዚያ ወደ መንዝ ስለሚመለስ በእጁ ልኬዋለሁ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ማሙሽ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲያወራ ያፏጫል። ትምህርት ቤታቸው ቁርስም ምሳም ያበላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ዩኒፎርሙም በነጻ ነው። ምገባው ሲጀመር መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ከሩቅ ቀበሌ ባዶ ሆዱን የመጣውን ልጅ ጠርተው «ይህን ቆሎ ቢሮዬ አድርስልኝ» ይሉትና ቢሮው ሲደርስ ቆሎው ማለቁን አይተው እንዳላየ ያልፉ ነበር። ማሙሽ ግን ፍርፍር ሰለቸኝ ይላል። እርስዎ በሰሙት!

ሰፈሩን አሁን ቢያዩት አያውቁትም። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ተነጥፏል፣ የማታው መብራት እንቅልፍ ይነሳል። ዶሮ ማነቂያ የለም። የእድራችን ግማሽ ሰው ወደ ከተማው ዳር ተነሥቷል፤ ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ እንይዛለን። የእኛ ረድፍ ዛሬ ይነሣል ነገ ይነሣል ሲባል ይኸው አለ። ስለዚህ «ቤታችሁ ጠባብ ነው» የሚለውን ሰበብ አያምጡብኝ። ጠባብ ነው። እስካለ ድረስ ግን አልጋ አለዎት።

እዚህም የጠዋቱ ብርድ ገብቷል። ማሙሽ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ «ቀዘቀዝኩ» ሲል ያስቀኛል። መንዝን በኅዳርና በታኅሣሥ ያላየ ሰው ስለ ብርድ አያውራ። አመዳዩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ በኮንጎ ጫማ ስንረግጠው ቅርጭጭ ይላል። የጭቃው ክፍል መስኮት መስታወት ስለሌለው በማዳበሪያ ከረጢት ይደፈናል። እስክሪብቶው በብርድ አልጽፍ ይልና በመዳፋችን መሐል እናሸዋለን፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ግማሹ በማሸት ያልቅ ነበር። በእረፍት ሰዓት ሁላችንም ግድግዳው ሥር ተደርድረን ፀሐይ እንሞቃለን፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ወደ ጥላው ይገፋሉ፣ እርስዎ ብቅ ሲሉ ቦታ ይለቁላቸዋል።

ኅዳር ላይ ከመጣው ተማሪ የቀረው ይበዛ ነበር። አጨዳ አለ፣ በግ አለ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ። ስም መጥሪያው ላይ «ምክንያት» በሚለው ዓምድ «ጭላዳ ጥበቃ» ብለው የጻፉትን ከወረዳ የመጣው ሱፐርቫይዘር ሲያነብ ሳቁ አመለጠው። እርስዎ አልሳቁም። ከሰዓት በኋላ በቅሎ ተውሰው በየጎጡ ሄዱ። ገብስ የሚያስጠብቀውን አባት «ጭላዳውን እኔ እጠብቅልሃለሁ፤ አንተ ልጁን ላክ» አሉት። ሰውየው አፍሮ ልጁን ላከ። ያ ልጅ ዛሬ አዲስ አበባ ነው፣ ባንክ ቤት ይሠራል፣ ባለፈው ገንዘብ ላስገባ ሄጄ አገኘሁት። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲያውቅ ከወንበሩ ተነሣ። «ሰው ያደረጉን እሳቸው ናቸው» አለኝ። አዎን አልኩ። እውነቱን ነው። እኔንም ጭምር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ትልቋ አንድ ማታ የዜግነት ትምህርት ስታጠና እንደ ልማዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብ ነበር። ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 36፣ የሕፃናት መብት። ሕፃን በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አለው ትላለች። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ። «የጸደቀው መቼ ነው?» አልኳት። «ኅዳር 29 ቀን 1987» አለች። ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

ያ ጠዋት የዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነበር፣ ጋሼ።

እትዬ ታማ ተኝታለች። ሳይነጋ የቀሰቀሱኝ እርስዎ ነዎት። «ለእናትሽ ውኃ ቅጂላት፤ ከዚያ ትደርሻለሽ» አሉኝ። ምንጩ ዳር ያቆረው ውኃ ስስ በረዶ ሠርቶ ነበር፤ በድንጋይ ሰብሬ ቀዳሁ። ጄሪካኑን ቤት አድርሼ፣ ደብተሬን ይዤ ሮጬ ስደርስ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሏል። አርፋጆቹ በሩ ላይ ተንበርክከዋል፤ እኔም ሄጄ አጠገባቸው ተንበረከክኩ። እስከዚህ ሕግ ነው፣ አልተቀየምኩም። ከዚያ እነሱን አስነሥተው እኔን ተዉኝ። «የዳይሬክተር ልጅ ለሌላው መማሪያ ትሁን» አሉ። የሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ቸርኬ እስኪደወል ድረስ። አመዳዩ ከጉልበቴ ሥር ቀልጦ ቀሚሴን አርሶት፣ የቀሚሴ ጫፍ መልሶ ደረቀ፣ ድርቅ አለ። የክፍሌ ልጆች በከረጢቱ ቀዳዳ ተራ በተራ ያዩኝ ነበር። ማታ እትዬ ከተኛችበት ተነሥታ ጉልበቴን ቅቤ ስትቀባኝ እርስዎ ኩራዙ ሥር ደብተር ያርማሉ። ቀና አላሉም።

ምክንያቱ አድጌ ገብቶኛል። የወላጅ ኮሚቴው ያን ሰሞን «ለልጁ ያዳላል» ብሎ አምቶዎት ነበር። አፍ ማስያዝ ነበረብዎት፣ የተገኘሁት ደግሞ እኔ። ይሁን። ግን ውኃ የላኩኝ እርስዎ ነበሩ። «ምክንያት» የሚል ዓምድ ደግሞ ነበረዎት፤ ለጭላዳ ተርፏል።

ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ ላይ ስለሆነ በሕግ አያስጠይቅዎትም፤ ይህን ያለችኝም ልጅዎ ናት፣ የልጅ ልጅዎ ማለቴ ነው። ጠበቃዎ ሆናለች።

እዚህ ላይ የሚያነብልዎት ልጅ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ አይቀርም። አንተ ልጅ፣ አትዝለል፤ ሁሉንም አንብብላቸው።

አዎን፣ ደብዳቤ የሚነበብልዎት በሰው እንደሆነ አውቄአለሁ። የአክስቴ ልጅ ነው የነገረኝ፤ አይቆጡት። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቁ የአንዱን ተማሪ ደብተር ይዘው «ጎበዝ፣ ጽሑፍህ ተሻሽሏል» ሲሉት አይቶዎታል። ደብተሩ ተዘቅዝቆ ነበር። ልጁም ነገሩ ገብቶት «እሺ ጋሼ» ብሎ ተቀበለዎት።

ከመቼ ጀምሮ ነው? ጡረታዎን ሲቀበሉ ገንዘቡን የሚቆጥርልዎት ማን ነው? ማታ ኩበቱን ብቻዎን ነው የሚያቀጣጥሉት? ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ ዳሩ ገደል መሆኑን ለእርስዎ እኔ አልነግርም። እትዬ ካረፈች ወዲህ «ጎረቤት አለኝ» ይላሉ። ጎረቤት ቀን ቀን ነው።

ሐኪም ሳያየው የዓይን ሞራ ነው ብዬ አልምልም። ግን ቀስ በቀስ እንደ ጭጋግ እየሸፈነ የመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በአገራችን ሰውን ዓይነ ስውር ከሚያደርጉት ቀዳሚው ሞራ ነው፤ ደግነቱ ይታከማል። ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው የደፈረሰውን ሌንስ ያወጡና ሰው ሠራሽ ይተካሉ፤ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። በዓይን ሕክምና የታወቀው ምኒልክ ሆስፒታል ደግሞ ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም። በብሌናቸው ላይ ነጭ ነገር እያዩ «የዕድሜ ነው» እያሉ የተቀመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እርስዎ ግን ዕድሜዎን ሙሉ ሰውን «ለምን አልተማርክም» ሲሉ የኖሩ ሰው ነዎት።

«ለጥምቀት እመጣለሁ» እንደሚሉ ከወዲሁ ይሰማኛል። ከጥምቀት በፊት ታኅሣሥ አለ። ባለፈው ዓመትም ያ ሳል ሁለት ወር ሙሉ አልለቀቀዎትም፤ ታላቅ ወንድሜ ያን ጊዜ በስልክ ያለውን እኔ አልደግመውም፣ ግን ያለው ትክክል ነው።

እንዲህ ይሁን። መንገዱ ደህና ነው በተባለ ቀን የአክስቴ ልጅ ይዞዎት ይነሣ። በመዘዞ አድርገው ታርማ በር ይውጡ፤ ከደከመዎት ደብረ ብርሃን ይደሩ። እኔ ላምበረት መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ። ቅቤ አይሸከሙ፣ በግ የሚባል ነገር እንዳላይ። ባናዎን ግን ይያዙ፤ የከተማ ብርድ ልብስ አያሞቅም ብለው እንዳያማርሩኝ። ለቤቱ ቁልፍ የሚያምኑት ጎረቤት አለ፣ ለዶሮዎቹም ይነግሩታል። ማሙሽ «አያቴ አልጋዬ ላይ ይተኛ» ብሏል፤ ሲተኛ ይራገጣልና አብረው አይተኙ።

የዚያን ጠዋት ነገር ይቅርታ እንዲጠይቁኝ አይደለም ያነሣሁት። «አስታውሰዋለሁ» ቢሉኝ ይበቃኛል። ረስተውት እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ይህን ፊት ለፊት መጠየቅ ስላልቻልኩ ነው በሰው ልጅ አፍ የማስጠይቅዎት።

ስሙን የማላውቅህ አንባቢ፣ መልሱን የምትጽፈውም አንተ ሳትሆን አትቀርም። ያሉትን እንዳሉት ጻፍ፣ አታሳምርላቸው። «ደህና ነኝ በይልኝ» ብቻ ካሉህ ከሥሩ አንተ ያየኸውን ጨምርበት፤ መንገድ ሲሄዱ ይደናቀፋሉ ወይ፣ ሰው የሚለዩት በመልኩ ነው በድምፁ። ቁጣቸውን አትፍራ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማንንም አያንበረክኩም።

ልጅዎ