ያለ ቁጥር ማሰብ፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ክበብ ዓመት

ዘንድሮ ብዙዎቹ አባላት የተመዘገቡት ቻትጂፒቲን አስበው ነው። እኔ ግን ወደ ቆየ ጥያቄ ወሰድኳቸው። ኮምፒውተር አንድም ቁጥር ሳይሰጠው፣ ምን እንደሚጨምርና ምን እንደሚቀንስ ብቻ አውቆ ቀጥሎ የሚሆነውን መናገር ይችላል?

በጀበና ጀመርን። ውሃው ይሞቃል፤ መፍላት ሲጀምር ሙቀቱ መጨመሩን ያቆማል፤ ከዚያ የሚቀንሰው ውሃው ራሱ ነው። ደሴ ከኮምቦልቻ ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው ዝቅ ባለ ሙቀት ነው። ቁጥሩ ይለያያል፣ ሂደቱ ግን ያው ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው ኬኔት ፎርበስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ንድፈ ሐሳብም ለውጥን የሚያየው እንዲህ ባሉ ሂደቶች በኩል ነው፦ መሞቅ፣ መፍሰስ፣ መፍላት።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወዳለበት ሐይቅ ወረድን። ውሃ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ ይመጣለታል፤ ዝናብም ይዘንብበታል። ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ታዲያ ለምን ሞልቶ አይፈስም?

ልጆቹ ለሚገባው ውሃ የመደመር፣ ለትነት የመቀነስ ምልክት ሰጡ። ሁለቱ ሲደመሩስ? አይታወቅም። ሊጨምር፣ ሊቀንስ ወይም ባለበት ሊቆም ይችላል። የሌላው ተመራማሪ፣ የቤንጃሚን ካይፐርስ፣ ኪውሲም የተባለው ፕሮግራም (እ.ኤ.አ. 1986) እዚህ ሲደርስ አንዱን አይገምትም፤ ሁሉንም አማራጮች ይዘረዝራል። ይሄ ታማኝነቱ በጣም ደስ ይለኛል።

ክርክሩ ሲጦፍ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ተነሳች። «ውሃው ከፍ ሲል እኮ ወደ ዳር ይሰፋል፤ ሲሰፋ ደግሞ ትነቱ ይጨምራል!» አለች። ከውሃው ከፍታ ወደ ትነት አንድ ቀስት ጨመርን። ሐይቁ በከፍታው መጠን ራሱን እንደሚገታ በሰሌዳው ላይ ታየ። አንድም ሊትር አልለካንም። የዓመቱ ምርጥ ቀን ይሄ ነበር።

ከዚያ ልጆቹ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጻፉ። መብራት እየጠፋ ቢያስቸግርም ለወላጆች ቀን ደረሰ። አንድ አባት «በልጉ ከቀረ ሐይቁ ይቀንሳል ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ «የሚገባው ውሃ ያንሳል። ሐይቁ መቀነሱን ለማወቅ ግን ከትነቱ ማነሱን ማየት አለብን» አሏቸው። አንድ ተማሪ የማያውቀውን ለይቶ ምን መለካት እንዳለበት ከተናገረ፣ ለእኔ ሳይንስ ገብቶታል።

በሚቀጥለው ዓመት ሐይቁ ዳር ምልክት ያለው እንጨት ተክለን ከፍታውን እንከታተላለን። ለምዝገባ ፓይተን ማወቅ አያስፈልግም። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ በተለይ ከሐይቅ አካባቢ የምትመጡ፣ መስከረም ላይ እንጠብቃችኋለን።