«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ላላችሁኝ

ልጃችን ከተወለደችና ካረፈች ዛሬ አርባ ቀን ሆነ። የሆነውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም፤ እጄ ለምስጋና የበረታው ገና አሁን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ለአንዲት አዋላጅ ነርስ። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ ሲስተር ብዬ እጠራታለሁ። ሐኪሞች አኔንሴፋሊ የሚሉት፣ የልጄ የራስ ቅልና አንጎል በቅጡ አለመሠራቱ ከታወቀ በኋላ ሰው ሁሉ ስለ ሕመሙ ሲያወራኝ፣ «እንዴት ልትወልጃት ትፈልጊያለሽ?» ያለችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ሕጉ እርግዝናውን ማቋረጥ እንደሚፈቅድልኝ ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እኔ ግን ላያት ፈለግሁ። እናቴ ደግሞ «በቀዶ ሕክምና ትውጣና ትትረፍልኝ» እያለች ትለምን ነበር። ሲስተር አጠገቧ ተቀምጣ፣ ቀዶ ሕክምና የልጅቷን ዕድሜ እንደማያረዝም፣ በማሕፀኔ ላይ ግን ለሚቀጥለው እርግዝና የሚያሰጋ ጠባሳ እንደሚተው እስኪገባት ድረስ አስረዳቻት። ምጡ በራሱ እስኪመጣ እንድንጠብቅ፣ በማሽን የልብ ምት ክትትል እንዳይደረግ፣ ቱቦ እንዳይገባባት፣ ከደረቴ እንዳትወሰድ የጠየቅነውን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ከካርዴ ጋር አያያዘችው።

በዚያች ሌሊት ልጄን በእጇ የሠራችውን ነጭ ኮፍያ እስከ ቅንድቧ አልብሳ ደረቴ ላይ አስተኛችልኝና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችኝ። ይህን ቃል ለእኔ የሚለኝ ሰው ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። አሁንም ስጽፈው እንባዬ ይቀድመኛል።

ሦስት ሰዓት ኖረች። የንስሐ አባታችን ሰማንያ ቀኗን ሳይጠብቁ፣ በውድቅት ሌሊት መጥተው ስላጠመቁልን እግዚአብሔር ያክብርልን።

የታችኛው ፎቅ እማማ፣ ባዶ እጄን ስመለስ «አራስ ናት፤ ገንፎ ሳትበላ አታድርም» ብለው ቅቤውን አቅልጠው ደጄ ቆሙ። በልቼ ጨረስኩት፤ እያለቀስኩ።

የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቻችን፣ እድራችን፣ የሥራ ባልደረቦቻችን፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈል። ባለቤቴ፣ አንተን በአደባባይ ማመስገን አልችልበትም።

እኅቶቼ፣ አደራ። የአንጎልና የአከርካሪ መነሻው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ስለሚዘጋ፣ ለማርገዝ ስታስቡ ጀምራችሁ እንዲህ ያለው ጉዳት የመድረስ ዕድሉን የሚቀንሰውን ቫይታሚን፣ ፎሊክ አሲድን፣ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ውሰዱ። እንደ እኔ ለደረሰባት 4 ሚሊግራም ነው፤ ሐኪም ያዝላታል።

ስማችሁን ያላነሳሁ ይቅር በሉኝ፤ ከዚያ ሳምንት ፊት ሁሉ አይታወሰኝም።

ሲስተር፣ አንዱ ቢረጥብ ብለሽ ሁለት ኮፍያ ሠርተሽ ነበር። አንዱን አድርጋው ሄደች። ሁለተኛው እኔ ዘንድ አለ።