ከሥሩ ስሙ የተቆረጠ ፎቶግራፍ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ዕትማችሁ ትንንሽ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ እንዴት እንደሚያስተዋውቁ የሚመክር ጽሑፍ አውጥታችኋል። ልጄ ጮክ ብላ ስታነብልኝ እኔ የቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ አዳምጣት ነበር። «የራሳችሁን ዕቃ ብቻ አትለጥፉ፤ የሌሎችንም ልጥፍ አጋሩ» ከሚለው ስትደርስ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ አስደገምኳት። ምክሩ እውነት ነው፤ እኔም የኖርኩበት ነው። ግን ግማሽ ምክር ነው። ያልተጻፈው ግማሽ እኔንም ደንበኞቼንም ያንገበገበን ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ሽሮ ሜዳ ሱቅ ከከፈትኩ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ የሐበሻ ልብስ ነው። ክሩንና ቀለሙን እኔ መርጬ እሰጣለሁ፤ ጥለቱን ከሸማኔው ጋር ተቀምጠን እንመክርበታለን፤ ተሸምኖ ሲያልቅ እኛ ቆርጠን፣ ሰፍተን እንሸጣለን። አብረውን ከሚሠሩ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ፣ ከዶርዜ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው።

የቴሌግራም ቻናላችንን ልጄ የከፈተችው በ2011 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ላይ ጠዋት ቀሚስ፣ ማታ ቀሚስ፣ የበዓል ሰሞን ደግሞ በየሰዓቱ ቀሚስ ነበር። ሰው ይገባል፣ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ይወጣል። ማን ይፈርድበታል? በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ቀሚስ የሚገዛ ሰው በየቀኑ «ግዙ፣ ግዙ» ሲባል ለምን ይቀመጣል? ኋላ ላይ ልጄ የሌሎችን ልጥፍ ማጋራት ጀመረች። የብር ጌጥ የሚሠራ ጎረቤታችን ያወጣውን ጉትቻ፣ አንዲት ሴት የጥለቱ ቀለም ሳይለቅ ነጠላ በቀዝቃዛ ውኃ እንዴት እንደሚታጠብና በጥላ እንደሚሰጣ ያሳየችበትን ቪዲዮ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ደንበኛችን ለልጇ ክርስትና ለብሳ የተነሳችውን ፎቶግራፍ። የሚወጣው ሰው ቀነሰ። ስለ ነጠላው እጥበት የተጋራው ቪዲዮ ከየትኛውም ቀሚሳችን የበለጠ ጥያቄ አመጣ፤ ጠያቂው ደግሞ ውሎ አድሮ ገዢ ይሆናል።

ለእኛ ለሽሮ ሜዳ ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ደንበኛ ገብቶ የወንድ ኩታ ቢጠይቀኝና ባይኖረኝ «የለም» ብዬ ብቻ አልሸኘውም፤ የትኛው ሱቅ እንዳለ አሳየዋለሁ፣ ካልሆነም ልጅ ልኬ አስመጣለታለሁ። የዚያ ሱቅ ባለቤት በተራው ለእኔ ሰው ይልክልኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት ግን አንድም ነጋዴ የጎረቤቱን ዕቃ ከመስቀያው አውርዶ «የእኔ ነው» ሲል አላየሁም።

በቴሌግራም የሌላውን ልጥፍ በማስተላለፊያው ምልክት ስታጋሩት፣ ከየት ቻናል እንደመጣ ከላዩ ተጽፎ አብሮት ይሄዳል። ያንን ስም የነካ ሰው ባለቤቱ ዘንድ ይደርሳል። የተላለፈውን ያየው ሰው ቁጥር እንኳ ከመጀመሪያው ልጥፍ ዕይታ ላይ ይደመራል። ስለዚህ አጋሪውም ባለቤቱም ይጠቀማሉ። ፎቶግራፉን ወደ ስልክ አውርዶ፣ ስም ያለበትን የታችኛውን ጠርዝ ቆርጦ፣ የራስን ስልክ ቁጥር ጽፎበት መለጠፍ ግን ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱንም «ሼር አደረግሁ» እያልን በአንድ ቃል መጥራታችን ነው ያሳሳተን።

በ2017 ዓ.ም. በሕማማት ረቡዕ፣ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ሳለ፣ አንዲት እናት ፌስታል ይዘው ገቡ። ጥግ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ግድግዳችንን፣ ከዚያ ስልካቸውን፣ ከዚያ እኔን አዩ። «እናንተ ናችሁ አይደል? ይኸው ግድግዳው!» አሉኝ። ስልካቸው ላይ ያለው የእኔ ቀሚስ ነው፤ ሸማኔው ሁለት ሳምንት ሙሉ የተቀመጠበት፣ ወርቃማና አረንጓዴ ጥለት ያለው። ከፌስታሉ ያወጡት ግን በማሽን የታተመ ጨርቅ ነው። ጥለቱ አልተሸመነም፤ በቀለም የተሣለ ነው፤ ገልብጬ ሳየው ጀርባው ባዶ ነጭ ነበር። ስድስት ሺህ አምስት መቶ ብር በባንክ ልከው፣ ዕቃው በሞተር ሳይክል ቤታቸው ደረሰላቸው። ለፋሲካ ከልጃቸው ጋር ሊለብሱት ያሰቡት ነበር። እኔ እንዳልሸጥኩላቸው ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ያመኑኝም ልጄ ዋናውን ፎቶግራፍ ከነስማችን ከቻናላችን አውጥታ ጎን ለጎን ስታሳያቸው ነው። ሲወጡ ፊታቸው ላይ የነበረው ኀዘን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

እዚያ ልጥፍ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልኩ። ያነሳው ወጣት ልጅ ነው፤ አነጋገሩ ትሑት ነበር። «እናቴ፣ ሼር ነው እኮ ያደረግነው። የዲጂታል ግብይት ሥልጠና ስንወስድ የሌሎችንም ልጥፍ ማጋራት ጥሩ ነው ብለውናል። እርስዎንም ማስተዋወቅ ነው» አለኝ። «ስሜን ቆርጠህ እንዴት ነው የምታስተዋውቀኝ?» ስለው ዝም አለ። ያ ዝምታ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ነው፤ ልጁ አስቦበት የማያውቅ መሆኑ ገባኝ። ፎቶግራፉን በዚያው ቀን ከቻናሉ አነሳው። የእኚያን እናት ገንዘብ ስለመመለሱ ግን «ከአለቆቼ ጋር ልነጋገር» ከማለት አላለፈም።

በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ቀሚሱን ለብሳ የቆመችው የእህቴ ልጅ ናት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ለእኔ ብላ እንጂ ፎቶግራፍ መነሳት ሥራዋ አይደለም። በኋላ ስንፈልግ ያው ፎቶግራፍ በሌሎች ሁለት ቻናሎችም ተገኘ። አንደኛው ከሥሩ «ከሙሽሮቻችን አንዷ» ብሎ ጽፎበታል። አባቷ ይህን ከሰው እጅ አይተው ከጎንደር ደወሉልኝ። «እኔ አባቷ በሕይወት እያለሁ ዳራችኋት ወይ?» ሲሉኝ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ሰው ለሽያጭ ብሎ በግድየለሽነት የጻፋት አጭር ቃል በአባትና በልጅ መካከል ምን ልታደርግ እንደምትችል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ደንበኛዬ የሆነ ጠበቃ ሕጉን አስረዳኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ የእጅ ስልክ የሚባል ነገር ሳይታሰብ የተጻፈ ሕግ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራንም ይጠብቃል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሕጉ አለ። እኔ ግን ለአንድ ቀሚስ ፎቶግራፍ ሱቄን ዘግቼ ፍርድ ቤት ልመላለስ አልችልም፤ እንደ እኔ ያለ ነጋዴ ሁሉ አይችልም። ለዚህ ነው ነገሩ በሥልጠናውና እንደ እናንተ ባለው ጋዜጣ ላይ መነገር ያለበት የምለው።

ቴሌግራም ልጥፍ እንዳይቀዳና እንዳይተላለፍ መከልከያ አለው። ልጄ «እንዝጋው፣ እማዬ» ብላኝ ነበር፤ አይሆንም አልኳት። በሩን ስንዘጋው የሚቀርብን በቅን ልብ ስማችንን ይዞ የሚያስተላልፈው ሰው ነው። ሊወስድ የቆረጠው በሌላ ስልክ ፎቶግራፍ አንስቶትም ይወስዳል።

በሌሎች ላይ ብቻ እየፈረድኩ እንዳይመስልባችሁ፣ እኔም ያጠፋሁትን ልናገር። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ሙሽራ የሠርጓን ፎቶግራፎች በቴሌግራም ላከችልኝ። «እትዬ፣ እዩት እንዴት እንዳማረብን» ብላ። እኔ ደስ ብሎኝ አስቀመጥኩት፤ ለገና ገበያ ሲደርስ ከሁሉ የሚያምረውን መርጬ ቻናላችን ላይ አወጣሁት። ሙሽራዋ መሐል፣ እናቷ በቀኝ፣ ሁለቱም የእኛን ጥለት ለብሰው። ማታውን ደወለችልኝ። እናቷ ካረፉ አርባ ቀን አልሞላቸውም ነበር። «እኔ ለእርስዎ ነው የላክሁት» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ፎቶግራፉን ከቻናላችን አንስቼ በማግስቱ ለቅሶ ደረስኩ። እሷ ይቅር ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ የላከልኝን ፎቶግራፍ ሳልጠይቅ አውጥቼ አላውቅም። የተፈቀደልኝንም ቢሆን ወራት ካለፉ መልሼ እጠይቃለሁ፤ ሰው በወራት ውስጥ ብዙ ነገር ይገጥመዋልና። መጠየቁ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እምቢ ያለኝ ሰው ቢኖር ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ጠይቄው ሲያይ ራሱ ለዘመዶቹ ያስተላልፍልኛል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ለመናገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ከብዶኛል። ለብዙ ዓመት አብረውን የሠሩ የአንድ ሸማኔ ልጅ፣ አባቱ ሽመና ላይ ተቀምጠው መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያሳልፉ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ በቲክቶክ አውጥቶ ነበር። ልጄ በስሙ አጋራችው፤ እኔም ያ ጥለት ስንት ቀን እንደሚወስድና ዋጋው ለምን ከታተመው ጨርቅ እንደሚበልጥ ከሥሩ አጻፍኩ። በዚያ ሳምንት ሰባት ሰው ትእዛዝ ሰጠ። ልጁን ለማመስገን ስጠራው ስለተቆረጠው ፎቶግራፍ አጫወትኩት፤ እንደ ተበደልኩ፣ ስሜ እንደ ጠፋ። በጽሞና አዳመጠኝና በአክብሮት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናንተ ላይ ስትለጥፉ የአባቴ ስም አለ?» አለኝ።

አልነበረም። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም አልነበረም። የሱቃችን ስም አለ፣ ስልካችን አለ፣ ዋጋው አለ። ጥለቱን ከራሳቸው አውጥተው ያመጡት፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ የሸመኑት ሰው ስም የለም። ያን ወጣት በስልክ የጠየቅሁትን ያህል እኔን የጠየቀኝ ሰው ባለመኖሩ ብቻ ነው ሳላየው የኖርኩት። አሁን በእያንዳንዱ ቀሚስ ሥር የሸማኔው ስም ይጻፋል፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ ራሳቸው በሚፈልጉት አጠራር። አንዳንድ ነጋዴ ወዳጆቼ «ደንበኛ በቀጥታ ወደ እነሱ ሄዶ ያዝዛል» ብለው አስጠንቅቀውኛል። ሁለት ደንበኞች በእርግጥ ሄደዋል። እኔም አልተከፋሁም።

ስለዚህ ጽሑፋችሁን ያዘጋጀውን ባለሙያ የምለምነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ «አጋሩ» ሲል ይህንንም እንዲጨምርበት ነው። ባለቤቱን ጠይቁ፤ ስሙን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሰው ዕቃ ላይ የራሳችሁን ስልክ አትጻፉ፤ እጃችሁ ላይ የሌለውን ዕቃ ፎቶግራፍ አሳይታችሁ ሌላ አትሽጡ፤ ለምን እንደወደዳችሁት በራሳችሁ ቃል አንድ ሁለት መስመር ጻፉበት፤ «ከቻናላችሁ አንሱልኝ» ስትባሉ ሳትከራከሩ አንሱ። በየሥልጠናው ለሚቀመጡት ወጣቶች ይህን የሚነግራቸው ሰው ቢኖር፣ በስልክ ያነጋገርኩት ዓይነት ልጅ እሺ የሚል ይመስለኛል። ክፉ ልጅ አልነበረም።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ፎቶግራፍ ልኬላችኋለሁ፤ ወርቃማና አረንጓዴ ጥለት ያለው ያው ቀሚስ ነው። የእህቴን ልጅም አባቷንም ስለጠየቅኋቸው ልታትሙት ትችላላችሁ። የሸማኔውን ስም ከጀርባው ጽፌዋለሁ። ቦታ ጠቦ ከሥሩ አንድ ስም ብቻ የሚበቃ ከሆነ የእኔ ይቅርና የእሳቸው ይጻፍልኝ።

የሐበሻ ልብስ ነጋዴ
ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ