ቅቤው ደርሶኛል

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ደሴ

እማዬ እንደምን ከርመሻል? እኔ ክብሩ ይስፋ ደህና ነኝ። የላክሽው ቅቤ ደርሶኛል። ክዳኑን ስከፍተው የኮሰረትና የኮረሪማው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ጓዳሽ የገባሁ መሰለኝ። አንድ ማንኪያ ቀምሼ መልሼ ከደንኩት። እንዳትቀየሚኝ፣ ምክንያት አለኝ።

ባለፈው ወር ደሜን ተመርምሬ ነበር። ኤልዲኤል የሚሉት ኮሌስትሮል 172 ሆኖ ተገኘ። ዶክተሯ «ከ100 በታች ቢሆን ነበር ደጉ» አለች። «እኔ እኮ ቀጭን ነኝ» ብላት ሳቀች። ለካ መክሳት ዋስትና አይሆንም፤ በዘርም ይመጣል። ደግሞ ምንም አያምም። «ከቤተሰብ በልብ ድንገት የሞተ አለ?» ስትለኝ አባባ ትዝ አለኝ። ጫማውን እያሰረ እንደወደቀ። እኛ «ምች ነው» ብለን ቀበርነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበት ይህን ኮሌስትሮል ከደም ላይ ይለቅማል። የሚረጋ ስብ ስናበዛ ግን መልቀሙን ይቀንሳል። የተረፈው የደም ስር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ዓመት በዓመት ይከማቻል። ያ ክምችት አንድ ቀን ከተሰነጠቀ ደም እላዩ ላይ ይረጋና የልብን ደም ስር ይዘጋዋል።

ቅቤ ከግማሽ በላይ የሚረጋ ስብ ነው። «እኔ እንደሁ ፆመኛ ነኝ» እንደምትይኝ አውቃለሁ። የፆሙ ሽሮ በምን ይሠራል ታዲያ? በዚያ በጀሪካን የፓልም ዘይት! በደሴ ብርድ ጠዋት ጠዋት ረግቶ በማንኪያ ትፍቂው የለ? ጋሼ ኮምቦልቻ ይዞት ሲወርድ በሙቀቱ ይቀልጣል እንጂ ያው ነው፤ ግማሹ ያህል የሚረጋ ስብ ነው። «ኮሌስትሮል የሌለው» ተብሎ ሲለጠፍበት ነው እኔን የሚያናድደኝ። ውሸት አይደለም። ግን ከተክል የተጨመቀ ዘይት የቱ ኮሌስትሮል አለው?

የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ግዢ። እንደሚወደድ አውቃለሁ፣ ከምልክልሽ ላይ እጨምርበታለሁ። ቅቤውን ለበዓል አድርጊው። እንቁላል ግን እርም በይ አልልሽም፤ ለአብዛኛው ሰው ጉዳቱ ከሚረጋው ስብ ያንሳል።

ጋሼን ግን አደራ። ከአባባ ዕድሜ እየደረሰ ነው፣ ሲጋራውንም አልተወም። ይመርመርና ቁጥሩን በቴሌግራም ይላክልኝ። «ደህና ነኝ» ቢለኝ አልሰማውም።

ሰው ሲመጣ ተልባ ላኪልኝ። ቅቤውን አልጣልኩትም፣ ለፋሲካ ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ አለ።

ልጅሽ፣ ከዋሽንግተን